ከበሩ ወዲህና ወዲያ

ይሄን ሰውዬ አምላክ ሲሠራው ድምፅ ላይ እጁ ሳይበዛበት አልቀረም። ገና ጡት ሳይጥል፣ ሲያለቅስ ጎረቤት «ምን ፈረሰ?» እያለ ይወጣ ነበር አሉ። ትምህርት ቤት ሳለ የመዝሙር አስተማሪው «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» ቢሉት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ኖረ። በሠርጉ ቀን «ትወዳታለህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ!» ቢል፣ አንድ የተኛ ሕፃን ብርግግ ብሎ ነቃና ሠርገኛው ሁሉ ሙሽራዋን ትቶ ሕፃን ማባበል ያዘ።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን የወደደችው በዚያው በድምፁ ነው። መልኩን ሳታይ በፊት፣ ከግንብ ማዶ ሆኖ «ኧረ የሰው ያለህ፣ ውሃችሁ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው!» ብሎ ሲጮህ ሰማችው። «ለሰው ውሃ እንዲህ የጮኸ፣ ለገዛ ቤቱማ ምን ሊሆን ነው!» አለች፤ ልቧ በዚያው ሄደ። ወጥታ ስታየው ቁመቱ ከግንቡ በላይ፣ ትከሻው የበር ያህል፣ ጥርሱ የተዘበራረቀ። ምን ታድርግ? ጆሮዋ ቀድሞ ወዶታል፣ ዓይኗ ዘግይቶ ደረሰ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዱቄት መጋዘን ሲጠብቅ ኖረ፤ ያውም የሌሊት ተረኛ ሆኖ። እሱ ሲተኛ እሷ ትሰፋለች፣ እሷ ስትተኛ እሱ ይጠብቃል። ባልና ሚስት ከማለት ተረኛና ተተኪ ማለት ይቀላል። እንዲህ ሲኖሩ ነው የጥበቃ ድርጅቱ በአንድ ቁራጭ ደብዳቤ ወደ አንድ መዋዕለ ሕፃናት በር ያዛወረው። የቀን ሥራ! ገና ሥራውን ሳይጀምር፣ በዋዜማው ማታ፣ ከሚስቱ ጋር እራት ቀርበው ሁለቱም እንደ እጮኛ ተፋፈሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጨው ትወዳለህ እንዴ?» አለችው፣ ሃያ ዓመት በትዳር የኖረችው ሴት።

«አዎ፣ ምነው?»

«ምንም። ሳላውቅ ስለኖርኩ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ይህቺን እራት የሚነካበት ሰው ቢመጣ በዚያ ድምፁ ከተማውን ያፈርሰው ነበር። የነኩበት ግን ከጉልበቱ ከፍ የማይሉ ሰዎች ሆኑ።

መዋዕለ ሕፃናቱ ትልቅ የብረት በር አለው። በሩ ላይ፣ ከሰው ወገብ ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቶበታል፤ ዘበኛው ጎንበስ ብሎ የመጣውን ያይበታል፣ ደብዳቤም ይቀበልበታል። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ያንኳኳችው አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ናት። መራመድ አታውቅም፣ መዝለል ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው «ፌንጣ» የሚሏት። የአውቶቡስ ሹፌር አባቷ እጇን ይዟታል።

«ማነው?» አለ ዘበኛው።

በሩ ነዘረ። ከውጭ ጩኸት ቀለጠ። ደንግጦ በሩን ቢከፍተው ጩኸቱ እጥፍ ሆነ፣ ድምፁ ባለቤት አገኘና።

«አያ ጅቦ ነው! አባዬ፣ አያ ጅቦ ነው!» ብላ ፌንጣ የአባቷ እግር ላይ ተጠመጠመች።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች እንደሚባለው፣ ያላዩትም እየተቀባበሉ አለቀሱ። እሱ ግራ ገብቶት ለማባበል እጁን ቢዘረጋ፣ ከመጋዘኑ ካፖርት ስፌት ውስጥ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዱቄት ቡን አለ። ይኼኔ ያላለቀሱት ሁለት ልጆችም አለቀሱ። ማክሰኞ እንደዚያው፣ ረቡዕ እንደዚያው። እናቶቹ ደግሞ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገቡ፤ አንዷ «ልጄን ቆንጥጧት ይሆናል» አለች፣ ሌላዋ «ዓይኑን አላየሽውም?» አለች። ዓይኑ እኮ የበግ ዓይን ነው! ማን ቀና ብሎ ያየዋል እንጂ።

ረቡዕ ከሰዓት ዳይሬክተሯ ቢሮዋ አስጠራችው። እርሳሶቿን በቁመት የምትደረድር፣ ሥርዓት የምትወድ ሴት ናት፤ ክፉ ግን አይደለችም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጥፋት የለብዎትም» አለችው። «ግን ልጅ ሁሉ እያለቀሰ የሚገባበት ትምህርት ቤት ልይዝ አልችልም። እስከ ሰኞ ካልለመዱዎት፣ ድርጅትዎ ወደ መጋዘኑ እንዲመልስዎ እጽፋለሁ።»

ማታ እራቱ አልወርድ አለው። ነገሩን ሲነግራት ሚስቱ መርፌዋን ከአፏ አወጣች።

«ታዲያ ድምፅህን አታቀጥነውም?»

«ድምፅ እንደ ሱሪ ይጠባል እንዴ?»

«ማር ላስበት። ጉሮሮ ያለሰልሳል። ከዚያ ቀስ ብለህ፣ እንደ እናት እያቆላመጥክ አናግራቸው። ልጅ ምን ይፈልጋል? ቁልምጫ!»

መስታወት ፊት አቁማ አለማመደችው። «የኔ ቆንጆ፣ ደህና አደርሽ?» ሲል እንደሚተነፍስ ጎማ ሲጥ አለ። እሷ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተዘረረች፤ እሱ ግን እንጀራው ነውና ሳይስቅ ተለማመደ። ሐሙስ ጠዋት የማር ብርጭቆውን የጥበቃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደቀነ፣ ሁለት ማንኪያ ላሰ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። በሩ ተንኳኳ። ፌንጣና አባቷ ናቸው።

«ማነው የኔ ቆንጆ? እኔ ነኝ። ልክፈትልሽ?» አለ፣ ሲጥ ብሎ።

ከውጭ ጸጥ አለ። ሠራልኝ ብሎ ፈገግ አለ። አንዲት ዓይን በቀዳዳዋ ብቅ አለች፣ እሱን አየች፣ ጠረጴዛውን አየች፣ የማሩን ብርጭቆ አየች።

«ማር ልሷል!» ብላ ፌንጣ ጮኸች። «ድምፁን አቅጥኖታል! ማር ልሷል!»

አይ ጉድ! ያን ቀን የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ? የልጅ ጎርፍ ወደ ኋላ ፈሰሰ። አንዱ የማያውቀው ሰው መኪና ውስጥ ገብቶ ተሸሸገ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው።

ሰዓቱ አልፎ ልጆቹ በጓሮ በር እንደምንም ከገቡ በኋላ፣ ወጣቷ አስተማሪ ወደ ጥበቃ ቤቱ መጣች። ልታጽናናው ነበር የመጣችው፤ ማሩን ስታይ ግን ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ጋሼ፣ ማር ይላሱ ያለዎት ማነው?»

«ሚስቴ ናት፣ ቲቸር። ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም። መጽሐፉን ስላላየች ነው። ልጆቹ ሲወጡ ይምጡ፣ አነብልዎታለሁ።»

አመሻሽ ላይ ክፍሏ ገባ። ያለው ወንበር የልጅ ወንበር ነውና ሲቀመጥ ጉልበቱ ጆሮው ጋ ደረሰ። መጽሐፉ ከመነካካቱ ብዛት ጠርዙ ተበልቷል። ሁላችንም በልጅነታችን የሰማነው ተረት ነው፤ እናት ፍየል ግልገሎቿን ቤት ዘግታባቸው ትሄዳለች። ጅብ ይመጣና በዚያ ጎርናና ድምፁ «ክፈቱልኝ፣ እናታችሁ ነኝ» ይላል። ግልገሎቹ ድምፁን አውቀው እምቢ ይሉታል። ማር ልሶ፣ ድምፁን አቅጥኖ ይመለሳል። «እጅህን አሳየን» ይሉታል፤ ጥቁር ነው። ሄዶ ዱቄት ውስጥ ነክሮት ይመጣል። ነጭ እጅ ሲያዩ ይከፍታሉ፣ ይውጣቸዋል።

ዘበኛው የካፖርቱን እጅጌ አየ። መታ መታ አደረገው። ቡን አለ።

«ድምፅ፣ ማር፣ ዱቄት!» አለ። «እንዴ ቲቸር፣ ይሄ መጽሐፍ እኔን አይቶ ነው እንዴ የተጻፈው?»

ሁለቱም ሳቁ፣ እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ እሱ መጽሐፉን ያገላብጥ ጀመር።

«ቆይ፣ ጅቡ እዚያ ከመምጣቱ በፊት የት ነበር?»

«አይናገርም።»

«ዝናብ ነበረ?»

«እሱንም አይናገርም።»

«ከበላ ስንት ቀኑ ነው?»

«ጋሼ! አይናገርም አልኩዎት እኮ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውጭ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄን ነው። ለመሆኑ ማን ሆኖ ነው የሚያወራው?»

አስተማሪዋ መጽሐፉን ተቀበለችው። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ከቤቱ ውስጥ ሆነው የተሳሉ ናቸው፤ ጅቡ በበሩ ስንጥቅ የምትታይ ዓይን ነው፣ ጥርስ ነው፣ ከሥር የገባ ጥፍር ነው። ሙሉ ሰውነቱ የትም የለም።

«ስድስት ዓመት አነበብኩት» አለች። «ሁልጊዜ ከግልገሎቹ ጋር ውስጥ ተቀምጬ። አንድም ቀን ወጥቼ አይቼው አላውቅም።» መጽሐፉን ዘጋችና «ነገ እርስዎ ይንገሩልን። ከውጭ ሆነው» አለችው።

ዓርብ ጠዋት ካፖርቱን ቤት ተወው፤ ሚስቱ ሸሚዙን ተኩሳለታለች። ልጆቹ እንዳይደነግጡ ክፍሉ ውስጥ አልገባም። በሩ ተዘግቶ እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆመ፣ በገዛ ድምፁም ጀመረ።

«እኔ አያ ጅቦ ነኝ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ አልበላሁም። ዝናቡ በጆሮዬ ገብቷል። እዚህ ቤት በበሩ ሥር ብርሃን ይወጣል፣ የወተት ሽታ ይወጣል፣ የሳቅ ድምፅ ይወጣል። እኔ ስደርስ ሳቁ ይቆማል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እያሉ ያሙኛል። እኔ ቁርበት መች ጠየቅሁ? ጥግ ነው የጠየቅሁት። ድምፄን አልወደዱትም፤ ማር ልሼ ሌላ ድምፅ አመጣሁ። እጄን አልወደዱትም፤ ዱቄት ቀብቼ ሌላ እጅ አመጣሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ልሁንላችሁ?»

ከውስጥ ለቅሶ ሰማ። ደግሞ አስለቀስኳቸው አለ። ግን ይሄ ለቅሶ ሌላ ነው። «ይግባ! ቲቸር፣ ይግባ!» እያሉ ነው የሚያለቅሱት። አስተማሪዋ ራሷ አፍንጫዋን እየጠረገች በሩን ከፈተችው። ሃያ ሁለት ልጅ አየው፣ አንድም አልጮኸም። ፌንጣ ዘልላ መጥታ ጫማውን ነካችው። ያን ጊዜ ዘበኛው እራቱን መልሶ ያገኘ መሰለው። ምን ዋጋ አለው! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በእረፍት ሰዓት ሦስት ልጆች መጥተው «አያ ጅቦ፣ ኳሳችን ጓሮ ገባ» አሉት። አያ ጅቦ መባሉ እንኳ ጣፈጠው። ሄደ። ጓሮውን ቢያስስ ቢያስስ ኳስ የለም። ሲመለስ ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መቀርቀሪያው ሥር በርጩማ ተደቅኗል። ግቢው መሀል ጥጃ የሚያህል የመንገድ ውሻ የአሥራ ሁለት ልጅ ምሳ ይበላል። ፌንጣ አንገቱን አቅፋዋለች።

«ርቦት ነው!» አለችው። «ውጭ ነበረ እኮ!»

ውሻው የዋህ ሆኖ ጭራውን ይቆላል፤ ለእሱ ግን በዚያ በተከፈተ በር ውሻ ሳይሆን ሌላ ነገር ሲገባ፣ መኪናው ሲመጣ፣ ልጅ ወደ መንገዱ ስትዘል ነው የታየው። ውሻውን በቀስታ አስወጥቶ በሩን ዘጋና መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ነካክቶ አየው። ዳይሬክተሯ ከጀርባው ቆማለች።

«ጋሼ፣ ረቡዕ ዕለት በሩን ይፈሩ ነበር» አለችው፣ ሳትጮህ። «ዛሬ ምንም አይፈሩም። የቱ ይብሳል? ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ይዤ እመጣለሁ።»

እውነቷን ነው። አፈረ። በደብዳቤው ሳይሆን በበሩ አፈረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ከረጢት ዱቄት አስነክቶ የማያውቅ ሰው፣ በገዛ አፉ በሩን አስከፈተ። ከውስጥ ብቻ ሲነገራቸው ሁሉን ፈሩ፣ ከውጭ ብቻ ሲነገራቸው ለሁሉ ከፈቱ።

ከሰዓት በኋላ አስተማሪዋን «አንድ ጊዜ ብቻ። ያላለቀ ወሬ አለኝ» ብሎ ለመናት። ልጆቹ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጡ። እሱ ጀርባውን ለተዘጋው በር ሰጥቶ ቆመ።

«አሁን ጅቡም አይደለሁም፣ ግልገሎቹም አይደለሁም» አለ። «በሩ ነኝ።»

«በር ያወራል?» አለ አንዱ።

«ሰው ዝም ሲል ያወራል። ስሙኝ እንግዲህ። ጀርባዬ ላይ ጅቡ ተደግፏል፤ እርጥብ ነው፣ ሆዱ ሲጮህ ይሰማኛል። ራበኝ ያለው እውነቱን ነው። ደረቴ ላይ የግልገሎቹ እጅ አለ፤ ይንቀጠቀጣል። ይበላናል ያሉትም እውነታቸውን ነው። ሁለቱንም የምሰማ እኔ ብቻ ነኝ። ምን ላድርግ?»

ልጆቹ መንጫጫት ጀመሩ፤ «ክፈት!» «አትክፈት!» «መጀመሪያ ማነህ በለው!» «እጁን ያሳይ!» «ዳቦውን በቀዳዳ ስጠው!» የመጨረሻዋን ያለችው ከምሳዋ ምንም ያልቀረላት ልጅ ናት። ሁሉም ወደ ቀዳዳዋ ዞረው አዩ። እናት ፍየሏ እስክትመጣ ዳቦው በቀዳዳ እንዲወጣ፣ በሩም እንዳይከፈት ተስማሙ። ስምምነቱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ ሁለት ልጆች ተኳርፈው ታረቁበት። ፌንጣ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሁሉም ሊነሳ ሲል ነው እጇን ያወጣችው።

«በሩ ይፈራል?» አለች።

ዘበኛው አልጠበቀውም ነበር። የሚዋሽበት ጊዜም አላገኘ።

«ይፈራል» አለ። «ከሁሉም በላይ የሚፈራው እሱ ነው። ማንም አይጠይቀውም እንጂ።»

ቅዳሜና እሑድ እራት ላይ ሚስቱ ተረቱን ሦስት ጊዜ አስደገመችው። «እንግዲህ መጋዘኑም ቢሆን ሥራ ነው» እያለ ሊያጽናናት ሲሞክር «ዝም ብለህ ብላ» አለችው፤ ዓይኗ ግን ቀልቶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሯ ፖስታውን ይዛ በሩ ውስጥ ከአጠገቡ ቆመች። የአውቶቡስ ሹፌሩ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ «ኧረ ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ!» ይላል። በሩ ተደበደበ።

«ማነው?» አለ ዘበኛው። ማር የለ፣ ምን የለ፣ ያው የራሱ ድምፅ ነው። በሩ ነዘረ።

ጸጥ አለ። አሁን ለቅሶው ሊመጣ ነው ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«እኔ ነኝ!» አለ ከውጭ አንድ ድምፅ። ቀጭን ድምፅ ነው፣ እንደምንም ተጎትቶ እንዲጎረንን የተደረገ። «አያ ጅቦ ነኝ! ክፈት!»

ዘበኛው ዳይሬክተሯን አየ። ዳይሬክተሯ እሱን አየችው። ሰውየው ከተፈጠረ ጀምሮ ከበሩ ወዲህ፣ ከሚፈሩት ወገን ቆሞ አያውቅም። ጎንበስ አለ።

«እ... እጅህን አሳየኝ» አለ።

በቀዳዳዋ አንዲት ትንሽ እጅ ገባች። እስከ ክርኗ ድረስ ዱቄት ናት። አባትየው ከኋላ «ማጀቱን እኮ አመድ አስመሰለችው፣ ምን ላድርጋት!» እያለ ያማርራል።

«ውይ! ፈራሁ» አለ ዘበኛው። ሊቀልድ ነበር ያለው። ከአፉ ሲወጣ ግን ቀልድ አልሆነም፤ ድምፁ ተሰበረበት።

እጇ ቀዳዳው ውስጥ ቆመች። ከዚያ ያን የተጎረነነ ድምፅ ተወችና በራሷ ድምፅ ተናገረች።

«አትፍራ» አለችው። «አትፍራ አያ ጅቦ። እኔ ነኝ እኮ።»

ሃምሳ ሁለት ዓመት ኖሮ፣ ሰው ሁሉ ሲፈራው ኖሮ፣ አትፍራ ያለው ሰው አልነበረም። ነጯን እጅ በሁለት እጁ ያዛት። በሩን ሊከፍት ቢል መቀርቀሪያው በእንባ ጠፋበት። ዳይሬክተሯ ፖስታውን ብብቷ ሥር ሸጎጠችና እጇን ሰድዳ መቀርቀሪያውን ራሷ ሳበችው።

ማታ እራቱ ጨው በዝቶበት ነበር። ጥርግ አድርጎ በላው።